ከደሴ እስከ ፍጥሞ፦ ስለ ግሪክ መርከቦች ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከመጡልን ደብዳቤዎች አምስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው። ስለ ግሪክ ደሴቶች፣ በደሴቶቹ መካከል ስለሚመላለሱት መርከቦች። ወሎ ከባሕር ሩቅ ነው፤ ግን አቴንስ እህት ወይም ልጅ ያለው ቤት እዚህም እንዳለ ከደብዳቤዎቹ አይቻለሁ። እኔም እዚያ ሰባት ዓመት ኖሬ ነው ወደ ደሴ የተመለስኩት። የመርከቦቹን ጠባይ አውቀዋለሁ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ታላቅ እህቴ ከአቴንስ ግብዣ ልካልን በነሐሴ ልንሄድ አስበናል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ግሸን ማርያምን ስትሳለም የኖረች ናት። አሁን ቲኖስ የምትባል ደሴት ላይ ተአምረኛ የእመቤታችን ሥዕል አለ፣ ዮሐንስ ራእይ ያየባት ፍጥሞም እዚያው ግሪክ ናት ሲሏት እንቅልፍ አጣች። ሁለቱንም በ5 ቀን አዳርሰን በ6ኛው ቀን ወደ አገር ቤት መብረር እንችላለን? በባሕር ተጉዘን አናውቅም። (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ። ነገሩ ሁሉ ከተሳካ ይቻል ይሆናል፣ ግን አታድርጉት። አምስቱን ቀን ዘጠኝ ወይም ዐሥር አድርጉት። ካልሆነ አንዷን ደሴት ምረጡና ሌላዋን ለሌላ ዓመት አቆዩ። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ላስረዳሽ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡንም እንባውንም የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ደሴቶች ጎረቤታሞች አይደሉም። ቲኖስ ሲክላዲስ ከሚባሉት ደሴቶች አንዷ ናት። ፍጥሞ ግን ዶዴካኒስ ከሚባሉት ናት፣ ወደ ቱርክ ጠረፍ የተጠጋች። ቲኬት ስትቆርጪ ፓትሞስ ብለሽ ፈልጊ፤ ፍጥሞ የሚለው በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ስሟ ነው። ሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያ የላቸውም። የሚደረስባቸው በመርከብ ነው። ከአንዷ ወደ ሌላዋ በየቀኑ ቀጥታ የሚሄድ መርከብ አትጠብቂ። አንዳንድ ቀን በሲሮስ ደሴት በኩል መርከብ ቀይሮ መሄድ ይቻላል፤ ለእናትሽ ግን ወደ አቴንስ ተመልሶ፣ እህትሽ ቤት አድሮ፣ ገላን ታጥቦ እንደገና መነሳት ይሻላታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ነፋሱ እንምጣ። እኛ ነሐሴ ሲባል የሚታየን ጭቃ፣ ጉም፣ ጦሳ ላይ የተኛ ደመና ነው። እዚያ በነሐሴ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ግን ሜልቴሚ የሚሉት ነፋስ ከሰሜን ይነሳል። በባልካን በኩል የአየሩ ግፊት ከፍ፣ በቱርክ በኩል ዝቅ ሲል አየሩ በመካከል በኤጅያን ባሕር ላይ ወደ ደቡብ ይጋልባል፣ አንዳንዴ ሦስት አራት ቀን ሳያባራ። የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሰማዩ ብራ ስለሆነ እንግዳ ሰው አይጠረጥርም፤ ባሕሩን ሲያየው ግን ነጭ በነጭ ሆኗል። ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ የወደብ ጥበቃው መርከብ እንዳይነሳ ይከለክላል። አፓጎረፍቲኮ ይሉታል። ቃሉን ያዢው፣ ወደብ ላይ ሰው ሁሉ ሲለው ትሰሚያለሽ። የነፋስ ጉልበት በሚለካበት በቦፎርት መለኪያ ስምንት ዘጠኝ ሲደርስ ትልልቆቹም ይቆማሉ። ፈጣኖቹ ትንንሽ መርከቦች ደግሞ ከዚያ ቀድመው ነው የሚቆሙት።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። አንድ ዓመት በነሐሴ ደሴት ላይ ሰንብቼ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የምበርበት ቲኬት በእጄ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ የፈጣን መርከብ ቲኬት ቆረጥኩ። ጠዋት ወደቡ ስደርስ በሩ ዝግ ነው፣ ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ሁለት ቀን ከረምን። የመርከቡን ገንዘብ መለሱልኝ፤ ጉዞ በነፋስ ሲሰረዝ ወይ ገንዘቡን ይመልሳሉ ወይ በሚቀጥለው ያሳፍራሉ። አውሮፕላኑ ግን ጥሎኝ ሄደ፣ ያንን ማንም አልመለሰልኝም። አገር ቤት የአጎቴ ተዝካር ነበር፣ ሳልደርስ ቀረሁ። ዛሬም ያንገበግበኛል። ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ከመጨረሻው መርከብና ከአውሮፕላኑ መካከል ሁለት ሌሊት አቴንስ ተዉ። መርከቡ በሰዓቱ ከመጣ ሁለቱን ቀን ከእህትሽ ጋር ቡና እያፈላችሁ ታሳልፉታላችሁ፣ ምኑም አይጠፋም።

ቀኑንም ልብ በይ። ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩት ኦገስት 15 ነው፣ በእኛ ነሐሴ 9 ማለት ነው። እኛ ነሐሴ 16 ስንል የእነሱ ካለፈ ሳምንቱ ነው። እናትሽ በዓሉን ቲኖስ ላይ ማየት ከፈለገች ነሐሴ 7 ደሴቷ ላይ መገኘት አለባችሁ። ለዚያ ሰሞን መርከቡም አልጋውም ቀድሞ ይያዛል፤ ቪዛችሁ እንደወጣ በዚያው ቀን ቁረጡ። ቪዛውን ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠይቃሉ። ሰኔን አትጠብቁ።

ቲኖስ እናትሽን ታስለቅሳታለች። ሥዕሏ የተገኘችው ፔላጊያ የምትባል መነኩሲት ራእይ ካየች በኋላ በ1823 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 30 ቀን። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዳገት ላይ በመንገዱ ዳር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ስለት ያለባቸው ሰዎች በጉልበታቸው እየዳሁ ይወጡበታል። ግሸንን በእግሯ ለወጣች ሴት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ አንደበቱ ብቻ ነው የተለየው። አንድ ሌላ ነገርም ንገሪያት። በ1940 ኦገስት 15 ቀን፣ በበዓሉ ዕለት ጠዋት፣ ምእመናኑ ተሰብስበው ሳለ፣ ኤሊ የምትባለውን የግሪክ የጦር መርከብ እዚያው ቲኖስ ወደብ ላይ በቶርፔዶ መትቶ ያሰጠማት የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ ነው። ያው በ1928 ዓ.ም ኅዳር ላይ ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው ፋሺስት። እናትሽ ከወላጆቿ የሰማችው ታሪክ እዚያ ወደብ ላይ ወንድም አለው።

ወደ ቲኖስ ከፒሬዎስም ከራፊናም መርከብ አለ። ፒሬዎስ ትልቁ የአቴንስ ወደብ ነው። እኔ ግን ከእናት ጋር ራፊናን እመርጣለሁ። ትንሽ ወደብ ነው፣ ብዙ አያስኬድም፣ ከአውሮፕላን ማረፊያውም አውቶቡስ አለው። መንገዱም ያጥራል፦ በተለመደው ትልቅ መርከብ አራት ሰዓት ገደማ፣ በፈጣኑ ሁለት። ፈጣኑ ብዙ ጊዜ በዋጋ እጥፍ ይጠጋል። እናንተ ትልቁን ያዙ። በእሱ ውጪ ወጥታችሁ ንጹሕ አየር መሳብ ትችላላችሁ፣ በነፋስም ቶሎ አይሰረዝም። ከራፊና ወጥቶ በኤቪያና በአንድሮስ ደሴቶች መካከል ሲያልፍ ማዕበሉ የታወቀ ስለሆነ እዚያ ጋ ትንሽ ቢንገጫገጭ አትደንግጡ፣ ያልፋል።

ወደ ፍጥሞ ግን ከፒሬዎስ ነው። ወደቡ ሰፊ ነው፣ በሮቹ በቁጥር ናቸው፣ የዶዴካኒስ መርከቦች የሚነሱት ከበር ኢ 1 ነው። ከሜትሮው ጣቢያ ኢ 1 ድረስ በእግር ሩቅ ነው፤ በወደቡ ውስጥ የሚዞር ነጻ አውቶቡስ አለ። ጉዞው ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጃል፣ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ተነስቶ ሌሊት ነው የሚደርሰው። ለእናትሽ ካቢን ያዢላት፣ አልጋና መታጠቢያ ያለው ትንሽ ክፍል ነው፣ ዋጋው ይከብዳል ግን ይገባታል። አልጋ የምትከራዩበትን ቤት መርከቡ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ንገሪያቸው፤ ብዙዎቹ ወደቡ ድረስ መጥተው ይቀበላሉ። ወደቡ ስካላ ይባላል። ዋሻው ከስካላ ወደ ላይኛው ከተማ ሲወጣ መንገድ አጋማሽ ላይ ነው። ከላይ ያለው የዮሐንስ ገዳም እንደ ፈረንጆቹ በ1088 የተመሠረተ ነው። ወደ ዋሻው በደረጃ ነው የሚወረደው፣ እጇን ያዢያት።

መርከብ መሳፈሩ ራሱ አውቶቡስ አይመስልም። ከኋላ ትልቅ መዝጊያ ወደ መሬት ይወርዳል፣ በእሱ ላይ መኪናውም ሰውም እኩል ይገባል። ሻንጣ የሚቀመጠው እዚያው ታች ነው፣ መደርደሪያዎቹ ላይ የደሴቶቹ ስም ተጽፏል። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ገንዘብ ይዛችሁ ውጡ። ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ሲደርስ ደግሞ የደሴታችሁ ስም በድምፅ ማጉያ እንደተጠራ ወዲያው ወደ ታች ውረዱ፤ መርከቡ ደሴት ላይ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቲኖስ መውረድ ሲገባቸው ሚኮኖስ የምትባል ሌላ ደሴት የወረዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ሰዓቱም እንዳያሳስታችሁ። በክረምታችን የግሪክ ሰዓትና የእኛ እኩል ነው፣ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው። ቲኬቱ ላይ 17:30 ካለ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ 07:30 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል። እናትሽ ሰዓቷን እንዳትነካው፣ አንቺ ብቻ አስልተሽ ንገሪያት።

ጥያቄ፦ ለዕቃ በዓመት ሁለት ሦስቴ ቱርክ እመላለሳለሁ። ከቦድሩም ኮስ የምትባለው የግሪክ ደሴት በዓይን ትታያለች፣ ከአንድ ሰዓት በታች ነው ይላሉ። እዚያው ወደብ ላይ ቪዛ ይሰጣሉ የሚልም ሰምቻለሁ። ሻገር ብዬ ውዬ ልመለስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሆንም። ወላሂ ብዙ ሰው በዚህ ተሸውዷል። ኮስ ብትቀርብም የሸንገን አገር ናት፣ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ማለት ነው፤ ቱርክ ደግሞ አይደለችም። የሰማኸው የወደብ ቪዛ እውነት አለ፣ ግን ለቱርክ ዜጎች ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሸንገን ቪዛ ቀድመህ መያዝ አለብህ። የቱርክ ቪዛህም አንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ኮስ ስትሻገር አለቀ፣ ዕቃህ ቦድሩም ሆቴል ውስጥ እያለ አንተ ውጪ ትቀራለህ።

በተቃራኒውም ያው ነው። አንድ ጊዜ መግቢያ የሸንገን ቪዛ ይዘው ግሪክ የገቡ ሰዎች ከሳሞስ ወደ ኩሻዳሲ ወይም ከሮድስ ወደ ማርማሪስ ለሽርሽር ከተሻገሩ መመለስ አይችሉም። በግሪክ ደሴቶች መካከል ግን የኢሚግሬሽን ቁጥጥር የለም፣ የቲኬቱ ስምና የፓስፖርቱ ስም አንድ ይሁን ብቻ።

ቪዛው ከተሟላልህ አብሽር፣ ኮስም ሮድስም ሂድ። ሁለቱም ላይ ከኦቶማን ዘመን ጀምሮ የኖሩ ሙስሊሞች አሉ፣ መስጊድም አለ።

ጥያቄ፦ ያደግሁት ሐይቅ ዳር ነው፣ ታንኳ ላይ ምንም አልሆንም። ግን ደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ ሐረጎ ላይ ሁሌ ያስመልሰኛል። ባሕር ላይ ስምንት ሰዓት ምን ይውጠኛል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ታንኳው ላይ ለምን ደህና እንደሆንክ አስበህ ታውቃለህ? ዙሪያህን ታያለህ፣ ራስህ ትቀዝፋለህ። ሐረጎ ላይ ግን ጆሮህ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ክፍል "እየተጠማዘዝን ነው" ይላል፣ ዓይንህ ደግሞ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ እያየ "ቆመናል" ይላል። አንጎል በሁለቱ መካከል ሲደናገር ሆድ ይገለበጣል። ሹፌር የማያስመልሰው ለዚህ ነው፣ መንገዱን ስለሚያይ። መርከብም ላይ ያው ነው፦ ዓይንህን ሰማይና ባሕር የሚገናኙበት መስመር ላይ ትከል። ስልክ አትነካ። ቦታ ስትይዝ ከመርከቡ መሐልና ዝቅ ካለው ወለል ያዝ፤ ጫፎቹ እንደ ሚዛን ዕንጨት ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ መሐሉ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም።

ትልልቆቹ መርከቦች መወዛወዝን የሚቀንሱ ክንፎች ከውሃው በታች አሏቸው። ፈጣኖቹ ብዙዎቹ የተዘጉ ናቸው፣ ወጥተህ አየር የምትስብበት ቦታ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አንተም ትልቁን።

መድኃኒቱን ከጉዞው ግማሽ ወይም አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚወስዱት፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ዳይሜንሃይድሪኔት ይባላል፣ ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቅ፣ እንቅልፍም ያመጣል። ባዶ ሆድህን አትሂድ፣ ጠግበህም አትሂድ። ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል ያዝ። እኔ ዝንጅብሉን ከደሴ ገበያ ነበር የማስልከው።

ጥያቄ፦ ልጄ አቴንስ ይሠራል፤ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል በመርከብ ወደ ደሴቶቹ ይሄዳል። መርከብ ሰጠመ የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል። እውነቱን ንገሩኝ። (ከወልድያ፣ አንድ አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ እውነቱን እነግርዎታለሁ። የሚሰሙት ወሬ አብዛኛው የስደተኞች ጀልባ ነው፣ ያ ሌላ ሐዘን ነው። ልጅዎ የሚሳፈርበት መደበኛ መርከብ ነው፣ የተሳፋሪው ስም የሚመዘገብበት፣ የሕይወት ጃኬትና የማዳኛ ጀልባ ያለው።

አደጋ ደርሶ አያውቅም ብል ግን ልዋሽዎት ነው። በ2000 ሴፕቴምበር 26 ማታ፣ ኤክስፕረስ ሳሚና የምትባል በ1966 የተሠራች መርከብ ፓሮስ ደሴት አጠገብ ካለ ዐለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ከ500 በላይ ሰው ነበረባት፣ ከ80 በላይ ሞቱ። ዐለቱ የታወቀ ነበር፣ በላዩም መብራት ነበረ። መርከቧን የሚነዱት ሰዎች መንገዱን አልጠበቁም፤ ውሃ ወደ ሌላው ክፍል እንዳያልፍ መዘጋት የነበረባቸው በሮችም ክፍት ነበሩ። የፓሮስ ዓሣ አጥማጆች በዚያ ነፋስ ትንንሽ ጀልባቸውን ይዘው ወጥተው ብዙ ሰው አወጡ። ከዚያ ወዲህ ያረጁ መርከቦች ላይ ቁጥጥሩ ጠበቀ፣ ነፋስ ሲበረታም ቶሎ ነው የሚከለክሉት። ልጅዎ ደውሎ "ዛሬ መርከብ ተከለከለ፣ እዚሁ አደርኩ" ሲልዎት አይዘኑ፣ ደስ ይበልዎ። ሲሳፈር ግን መውጫውና ጃኬቱ የት እንዳለ አንዴ አይቶ እንዲቀመጥ ይንገሩት፤ አባት ሲለው ይሰማል።

ጥያቄ፦ በጾም ሰዓት መርከብ ላይ ምን ይበላል? (ከላሊበላ)

መልስ፦ ኒስቲሲሞ የሚለውን ቃል ያዙ፣ የጾም ማለት ነው። ግሪኮች ከፍልሰታ በፊት ከኦገስት 1 እስከ 14 ይጾማሉ፤ እኛ ነሐሴ 1 ስንጀምር እነሱ ስድስት ቀን ጾመዋል። በዓላቸው ካለፈ በኋላ ግን የጾም ምግብ መጠየቅ ትንሽ ያስገርማቸዋል። የመርከቡ ካፌ በአብዛኛው የሚሸጠው ቂጣ ውስጥ የገባ አይብ፣ ቶስትና ቡና ነው። የጎመን የሚመስለው ስፓናኮፒታም ብዙ ጊዜ አይብ አለው፣ ጠይቁ። ከቤት ዳቦ፣ ወይራ፣ ቲማቲምና ቆሎ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ቆሎ ለባሕር ከምንም ይሻላል። ደሴት ስትደርሱ ፋሶላዳ የሚሉት የነጭ ቦሎቄ ሾርባና ፋቫ አለላችሁ። ፋቫ ከቢጫ ክክ የሚሠራ ነው፣ አፍ ላይ ክክ አልጫን ያስታውሳል፣ የሳንቶሪኒው ደግሞ ከጓያ ዘመድ ነው የሚሠራው። አንድ ነገር ብቻ፦ እነሱ በጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይበላሉ። የጾም ነው ብለው ፊታችሁ ቢያስቀምጡት እያታለሏችሁ አይደለም፣ በእነሱ ሥርዓት የጾም ነው። እናንተ ፋቫውን አዙ፣ ሎሚና ቀይ ሽንኩርት ጨምሩበት።